ዘሩ ታይቷል፤ ክርክሩ በዘሪው ላይ ነው

የቀድሞ የፊዚክስ መምህሬ ያዘጋጁት ባለ ስድስት ገጽ ጽሑፍ በድሬዳዋ መምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ፣ ባለፈው ሳምንት ከዚራ ውስጥ ሻይ በምንጠጣበት ደጅ ለእኔም ደረሰኝ። ርእሱ «ግሽበት ጋላክሲ አይወልድም» ይላል። የሚሞግተው ንድፈ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዩኒቨርስ ገና በተወለደበት ቅጽበት፣ ከሰከንድ ቢሊዮንኛው ቢሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ልክ በሌለው ሁኔታ ተለጠጠ፤ በዚያ መለጠጥ ውስጥ የነበረው ጥቃቅን የኳንተም መዋዠቅም ዛሬ ለምናያቸው ጋላክሲዎች ዘር ሆነ። መምህሬ ይህ የሂሳብ ልብስ የለበሰ ተረት ነው ይላሉ፤ ለዚህም ስድስት ነጥቦችን ያቀርባሉ። ነጥቦቹ የዋዛ አይደሉም፤ ሁለቱ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ለዓመታት የተጨነቁባቸው ናቸው። ዝም ብሎ ማለፍ ለእሳቸውም ለአንባቢዎቻቸውም ንቀት ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነጥቦቹ በፊት ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። መምህሬ «ግሽበት» በሚለው ስም ጥቂት ያፌዛሉ፤ ቀፊራ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ ሲንር የምናማርርበትን ቃል ለሰማይ ማዋሱ አስቋቸዋል። ስሙ ግን ከመሰላቸው በላይ ልክ ነው። የዋጋ ግሽበት የሚያስፈራው በየጊዜው ተመሳሳይ ጭማሪ ስለሚያደርግ ሳይሆን፣ ጭማሪው ራሱ እየጨመረ፣ ዋጋው በእኩል ጊዜ ልዩነት እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ሊሄድ ስለሚችል ነው። አንድ ብር 10 ጊዜ እጥፍ ቢሆን 1,024 ብር ይሆናል፤ 20 ጊዜ እጥፍ ቢሆን ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። ንድፈ ሐሳቡ የሚፈልገው ርቀትን ሁሉ ቢያንስ በ1 ቁጥርና በሚከተሉት 26 ዜሮዎች የማባዛት ሥራ ሲሆን፣ በዚህ አካሄድ 87 ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን ይበቃዋል። ስለዚህ በገጽ 2 ላይ «እንዲህ ያለ ቁጥር የሰው አእምሮ አይሸከመውም» ማለታቸው ገርሞኛል፤ የእጥፍ ዕድገትን ጠመኔ ይዘው በሰሌዳ ላይ ያሳዩን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

የጽሑፉ ዋና ጉድለት ከስድስቱ ነጥቦች በአንዱ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። አንደኛው፣ በዩኒቨርስ የልጅነት ዘመን ኋላ ወደ ጋላክሲ ያደጉ ጥቃቅን የእፍጋት ልዩነቶች ነበሩ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከነበሩ ማን ዘራቸው የሚለው ነው። የመጀመሪያው በመሣሪያ ተለክቶ የተዘጋ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ጠንካራ እጩ ያለው፣ የመጨረሻ ፍርድ ግን ያልተሰጠበት ጉዳይ ነው። መምህሬ «ዘሪው አልተረጋገጠም» ከሚለው ተነስተው «ዘሩም የለም» ወደሚለው ተሻግረዋል፤ መካከሉ ላይ ያለውን ድልድይ ግን በየትኛውም ገጽ አላሳዩንም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ግሽበት ከብርሃን የፈጠነ ጉዞ ስለሚጠይቅ የአንስታይንን ሕግ ይጥሳል የሚል ነው። ይህ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። የአንጻራዊነት ሕግ የሚከለክለው አንድ አካል በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ቀድሞ እንዲሮጥ ነው፤ በሁለት አካላት መካከል ያለው ህዋ ራሱ ሲለጠጥ ርቀታቸው በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ግን አይገድብም። ዛሬም እጅግ ሩቅ በሆኑ ጋላክሲዎችና በእኛ መካከል ያለው ርቀት ከብርሃን ፍጥነት በላይ በሆነ ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ ይህም ግሽበትን የማይቀበሉት ሰዎች ጭምር የሚስማሙበት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ቃል በቃል ልጥቀሰው። «ግሽበት የተፈለሰፈው ዩኒቨርስ ለምን ወጥ እንደሆነ ለማስረዳት ነበር፤ አሁን ደግሞ ለምን ወጥ እንዳልሆነ ለማስረዳት ይጠሩታል፤ አንድ መጥረጊያ ቤቱን የሚያጸዳም የሚያቆሽሽም ሊሆን አይችልም» ይላል። የመጥረጊያውን ምሳሌ እወስደዋለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ታሪኩ ይስተካከል። አሌክሲ ስታሮቢንስኪ ሞስኮ ውስጥ በ1980 ለዚህ የሚቀርብ ሐሳብ አሳትመው ነበር፤ አለን ጉዝ ደግሞ ግሽበትን በስሙ ጠርተው በ1981 መጀመሪያ ላይ አሳተሙ። የጉዝ ጭንቀት ጋላክሲ አልነበረም። አንዱ ጭንቀታቸው ይህ ነበር፦ ከሰማይ ዳር እስከ ዳር የሚደርሰን ጥንታዊ ጨረር፣ ማለትም ከዩኒቨርስ የልጅነት ዘመን የቀረው ብርሃን፣ በየትኛውም አቅጣጫ ሙቀቱ 2.725 ኬልቪን ያህል ነው፤ ነገር ግን ያለ ግሽበት ከተሰላ፣ ጨረሩ በተለቀቀበት ጊዜ ዛሬ በሰማይ ላይ ከ2 ዲግሪ በላይ የሚራራቁ ቦታዎች፣ ማለትም አራት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ ከሚይዘው ስፋት በላይ የተለያዩ ቦታዎች፣ እርስ በርስ ብርሃን እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። ያልተገናኙ ነገሮች እንዴት አንድ ዓይነት ሙቀት ያዙ? ግሽበት ሁሉም ከመለጠጡ በፊት በአንድ ጠባብ ሰፈር አብረው ይኖሩ ነበር ብሎ ይመልሳል።

የዘሩ ነገር የመጣው ሳይጠራ ነው። ቪያቼስላቭ ሙክሃኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ በ1981፣ የስታሮቢንስኪን ሐሳብ ይዘው፣ የኳንተም መዋዠቅ በመለጠጡ ምክንያት ምን እንደሚሆን አሰሉ። በ1982 ክረምት ደግሞ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ለሦስት ሳምንታት በተካሄደ ስብሰባ፣ ሆኪንግ፣ ስታሮቢንስኪ፣ ጉዝና ፓይ፣ እንዲሁም ባርዲን፣ ስታይንሃርትና ተርነር በየፊናቸው ይህንኑ ጥያቄ ሠርተው ተቀራራቢ መልስ ላይ ደረሱ። መልሱ ደግሞ የምሥራች አልነበረም፤ በጊዜው ተወዳጅ የነበረው የግሽበት ሞዴል የሚሰጠው ልዩነት ከሚፈለገው በጣም የበዛ፣ ዩኒቨርስን ከልክ በላይ ጉብታ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ፤ ሞዴሉም በዚሁ ምክንያት ተጣለ። ንድፈ ሐሳቡ ጋላክሲን ለማስረዳት ታስቦ የተሰፋ ልብስ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ልኬት እንዲህ አይሰፋም ነበር።

አሁን ወደ መጥረጊያው። የአፈር ግቢ በማለዳ የጠረገ ሰው ምን እንደሚቀር ያውቃል፤ ቅጠሉና ጭራሮው ይሄዳል፣ የመጥረጊያው ሰበዞች ግን በአፈሩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ትተው ያልፋሉ። ግሽበትም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የነበረውን ሻካራነት ከአድማስ፣ ማለትም ብርሃን ሊያገናኘው ከሚችለው ርቀት፣ ውጭ ገፍቶ ያጠፋዋል፤ ራሱ ግን በኳንተም ሕግ የሚመራ ስለሆነ ፍጹም ልስላሴ ሊሰጥ አይችልም። በዚያ ሕግ መሠረት የአንድ መስክ መጠንና የለውጡ ፍጥነት በአንድ ጊዜ በትክክል ዜሮ ሊሆኑ አይችሉም፤ ምንም የሌለበት የሚመስለው ህዋ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። በተራ ሁኔታ ይህ መንቀጥቀጥ ተነስቶ ወዲያው ይከስማል። ህዋው በፍጥነት እየተለጠጠ ከሆነ ግን ሞገዱ ከመክሰሙ በፊት ከአድማሱ በላይ ይሰፋል፤ አንዱ ጫፉ ከሌላው ጋር መገናኘት ስለማይችልም ባለበት ይረጋል። መለጠጡ በአንዱ ቦታ ጥቂት ቀድሞ፣ በሌላው ጥቂት ዘግይቶ ያበቃል፤ ያ የጊዜ ልዩነት ነው ኋላ የእፍጋት ልዩነት የሚሆነው። ስለዚህ ያው መጥረጊያ ያጸዳልም፣ ጭረትም ይተዋል፤ በሁለቱ መካከል ተቃርኖ የለም።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው፤ መምህሬ የድሮውን እጃቸውን ያሳዩበት ነው። ስሌታቸው እንዲህ ይሄዳል። ኮቢ የተባለው ሳተላይት በጥንታዊው ጨረር ላይ ያገኘው የሙቀት ልዩነት ከ100,000 አንድ ያህል ነው። ጨረሩ የተለቀቀው ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ርቀቶች ሁሉ ወደ 1,100 እጥፍ አድገዋል። የእፍጋት ልዩነትም በስበት ምክንያት የሚያድገው ቢበዛ ከዚሁ መለጠጥ እኩል ነው። እንግዲህ ከ100,000 አንዱ በ1,100 ሲባዛ ከ100 አንድ ይሆናል፤ ከአካባቢው በ1 በመቶ ብቻ የሚበልጥ እፍጋት ደግሞ ጋላክሲ ሊባል ቀርቶ ደመና ለመባልም አይበቃም። ስለዚህ ፍኖተ ሐሊብ መኖር አልነበረባትም።

ስሌቱ ልክ ነው። ስህተቱ ስሌቱ ውስጥ የገባው ቁስ ላይ ነው። ዩኒቨርስ ከተራ ቁስ፣ ማለትም እኛና ከዋክብት ከተሠራንበት ብቻ የተሠራ ቢሆን መምህሬ አሸንፈው ነበር፤ ይህም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሙያው ሰዎችን በእውነት ያስጨነቀ ችግር ነበር። ጄምስ ፒብልስ በ1982 መውጫ አሳዩ፤ እሳቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱም በዚሁ መስመር ያለ ነው። አብዛኛው ቁስ ከብርሃን ጋር የማይነካካ፣ የማይታይ ቁስ ነው፤ ዛሬ ባለው ልኬት ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ሳይሞላው ተራው ቁስ በጋለ ብርሃን ውስጥ ተጠምዶ ነበር፤ ስበት ወደ አንድ ቦታ ሊሰበስበው ሲሞክር የብርሃኑ ግፊት መልሶ ይበትነዋል። የማይታየው ቁስ ግን ብርሃን ስለማይገፋው፣ ዩኒቨርስ 50,000 ዓመት ገደማ ከሆነው ጊዜ ጀምሮ ያለ ከልካይ መከማቸት ችሏል። ጨረሩ ሲለቀቅ የማይታየው ቁስ ልዩነት ከተራው ቁስ ልዩነት በእጅጉ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ኮቢ ያየው የብርሃኑን አሻራ እንጂ የተከማቸውን ሁሉ አይደለም።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ሰፊ አሸዋ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ውሃው ከደጋው ሲወርድ ግን ለራሱ አዲስ መንገድ አይቀይስም፣ ቀድሞ ተቆፍሮ በጠበቀው መውረጃ ይገባል። የማይታየው ቁስ መውረጃውን ቆፍሮ ቆየ፤ ተራው ቁስ ከብርሃን እስራት እንደተፈታ ወደዚያ ወረደ። መምህሬ ያሰሉት ውሃው መውረጃውንም ራሱ ሲቆፍር የሚፈጅበትን ጊዜ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር «ከፕሮቶን ያነሰ መዋዠቅ እንዴት የጋላክሲ ስፋት ያህላል?» የሚል ጥያቄም ጨምረዋል። እዚህ ላይ ስፋትና ከፍታ ተቀላቅለዋል። ግሽበትና ከዚያ በኋላ የቀጠለው ተራ መስፋፋት የሞገዱን ስፋት ለጠጡት፤ ከፍታውን፣ ማለትም በቦታና በቦታ መካከል ያለውን የእፍጋት ብልጫ፣ ያሳደገው ግን ስበት ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በኋላ የመጡም ናቸው።

አራተኛው ነጥብ፣ «ማንም አላየም፣ ማስረጃም የለም» የሚለው፣ በሁለት ከንፈር ይናገራል። መጀመሪያ ማስረጃ የለም ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ያለው ማስረጃ የግሽበት አይደለም ይላል። ሁለተኛው ክፍል ቁም ነገር ስላለው በእሱ ልጀምር። መምህሬ በትክክል እንደጻፉት፣ በትልቁም በትንሹም ስፋት እኩል ጥንካሬ ያላቸው የእፍጋት ልዩነቶች እንደሚያስፈልጉ ኤድዋርድ ሃሪሰን በ1970፣ ያኮቭ ዜልዶቪች በ1972 ሐሳብ አቅርበዋል፤ ያን ጊዜ ግሽበት የሚባል ነገር አልነበረም። ሙያው ይህን እኩልነት በአንድ ቁጥር ይገልጸዋል፤ ፍጹም እኩል ከሆነ ቁጥሩ 1 ነው። ነገር ግን ሃሪሰንና ዜልዶቪች 1 መሆን አለበት ያሉት ከመልኩ ተነስተው እንጂ ከሚፈጥረው ምክንያት ተነስተው አልነበረም። ግሽበት ምክንያቱን ሲሰጥ 1ን በትክክል አልሰጠም። ግሽበቱን የሚነዳው ኃይል ወደ ፍጻሜው ቀስ እያለ ስለሚደክም፣ ቀድመው የተወለዱት፣ ማለትም ዛሬ ሰፊ የሆኑት ሞገዶች፣ ዘግይተው ከተወለዱት ጠባቦቹ በጥቂቱ ይጠነክራሉ፤ ስለዚህ በቀላሎቹ ሞዴሎች ቁጥሩ ከ1 ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ጥቃቅን ዝንባሌ ሙክሃኖቭና ቺቢሶቭ በ1981 በጻፉት ስሌት ውስጥ ይገኛል። ፕላንክ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ2018 ያወጣው የመጨረሻ ልኬት 0.965 ሲሆን፣ የስህተቱ ወሰን በሁለቱም በኩል 0.004 ነው። 1 ከዚህ ወሰን ስምንት እጥፍ በላይ ርቆ ይገኛል። ከዚህ ልኬት 37 ዓመት ቀድሞ በወረቀት ላይ የተጻፈ ትንሽ ማዘንበል ተለክቶ ሲገኝ «የሌላ ሰው ማስረጃ ነው» ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለእሳቸው ልተውላቸው የሚገባው ግን አለ፤ ቁጥሩን ከ1 በላይ የሚያደርጉ የግሽበት ሞዴሎችም መሥራት ይቻላል፤ ስለዚህ ልኬቱ ግሽበትን በጅምላ ሳይሆን ቀላሎቹን ሞዴሎች ነው የሚደግፈው።

ከዝንባሌው ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው፤ መምህሬም አንድ ቃል አልተናገሩበትም። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ሳይሞላው ብርሃንና ተራው ቁስ ተቆላልፈው እንደ አንድ ጋዝ ይኖሩ ስለነበር የእፍጋት ልዩነት ሁሉ እንደ ድምፅ ሞገድ ይርገበገብ ነበር። በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ገመዳቸው ረጅምም አጭርም የሆነ ብዙ ዥዋዥዌዎች እንዳሉ እናስብ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከተለቀቁ፣ ጥቂት ቆይተን አንድ ፎቶግራፍ ብናነሳ፣ ገመዳቸው እኩል የሆኑት ሁሉ እኩል ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ አንዳንድ የገመድ ርዝመቶች ጫፍ ላይ፣ ሌሎቹ መሐል ላይ ሆነው ግልጽ ሥርዓት ይታያል። እያንዳንዱን ዥዋዥዌ ልጆች በየፈለጉት ሰዓት የገፉት ከሆነ ግን ፎቶግራፉ የተዘበራረቀ ይሆናል። ጥንታዊው ጨረር ያ ፎቶግራፍ ነው። በ2000 ውጤታቸው የታወቀው በፊኛ የተላኩ መሣሪያዎች፣ ኋላም ሳተላይቶቹ፣ ያገኙት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ በሰማይ ላይ 1 ዲግሪ ያህል ስፋት ባላቸው ቦታዎች ላይ ከፍ ያለ ጫፍ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጫፍ በተራ ይመጣሉ። የግሽበት ዋና ተፎካካሪ የነበረው ሐሳብ፣ ዘሮቹ በህዋ ውስጥ እንደ ክር በተዘረጉ ጉድለቶች አማካይነት በየጊዜው ይዘራሉ የሚለው፣ ዥዋዥዌዎቹን በየሰዓቱ የሚገፋ በመሆኑ እነዚህን ጫፎች ማውጣት ስላልቻለ ዋና ዘሪ የመሆን ዕድሉን አጣ። ያን ጊዜ ክርክሩ በአስተያየት ብዛት ሳይሆን በፎቶግራፉ ተፈታ።

ከዚህም አለፍ ብሎ አንድ ብልህ ተጠራጣሪ «ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይለቀቁ እንጂ፣ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በሆነ ሂደት ቢለቀቁስ?» ሊል ይችላል። ለዚህም ስፐርገልና ዛልዳሪያጋ በ1997 ፈተና አዘጋጅተው ነበር፦ የጨረሩ ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ ፖላራይዜሽን የሚባለው፣ ቁሱ በዚያ ጊዜ ወዴት ይፈስ እንደነበር ይናገራል። በ2003 ደብልዩማፕ የተባለው ሳተላይት ከ1 ዲግሪ በሚበልጡ ስፋቶች ላይ በሙቀቱና በፖላራይዜሽኑ መካከል የተጠበቀውን ተቃራኒ ግንኙነት አገኘ። ይህም ማለት፣ በዚያ ዘመን ብርሃን እንኳ ሊያቋርጠው ባልቻለው ርቀት ላይ ቁሱ አስቀድሞ ተስማምቶ ይንቀሳቀስ ነበር። ዘሩ እንግዲህ ከተራው መስፋፋት በፊት ተዘርቷል። ያው የድምፅ ሞገድ ደግሞ በጋላክሲዎች ላይ አሻራውን ትቷል፤ በ2005 ሁለት ትልልቅ የጋላክሲ ቆጠራዎች፣ ጋላክሲዎች 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሆነ ርቀት ጥንድ ጥንድ ሆነው የመገኘት ዝንባሌ በጥቂቱ ከፍ እንደሚል አሳዩ። የሕፃኑ ፎቶግራፍና የጎልማሳው ፊት ያው አንድ ጠባሳ አላቸው። መምህሬ «ዘር የለም» ሲሉ የሚክዱት ይህን ነው።

አምስተኛው ነጥብ የ2014ቱ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 17 ቀን፣ ደቡብ ዋልታ ላይ ያለ ባይሴፕ2 የተባለ ቴሌስኮፕ የሠሩ ሰዎች የግሽበትን የስበት ሞገዶች አሻራ አግኝተናል ብለው አወጁ፤ በ2015 መጀመሪያ ላይ ከፕላንክ ቡድን ጋር አብረው ሲመረምሩት፣ የታየው ምልክት በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ባለ አቧራ ሊገለጽ እንደሚችል ተረጋገጠ። «አቧራ ሆኖ ቀረ» ብለው መምህሬ ይሳለቃሉ፤ አቧራ ምን እንደሚያደርግ ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግምና ቀልዱን ተቀብያለሁ። ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ያ ምልክት የጋላክሲዎች ዘር ምልክት አልነበረም፤ ግሽበት ከእፍጋት ልዩነት በተጨማሪ ህዋን ራሱን ያናውጣል የተባለበት ሌላ፣ የበለጠ ደካማ አሻራ ነበር። አንዱ ምስክር ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ የሌሎቹ ምስክሮች ቃል አብሮ አይሰረዝም። ፍለጋውም ከዚያ አልቆመም፤ የዚያው መስመር ቴሌስኮፖች በ2021 ባወጡት ገደብ መሠረት የስበት ሞገዱ ጥንካሬ ከእፍጋት ልዩነቱ ጋር ሲነጻጸር ከ0.036 መብለጥ አይችልም። በዚህ ገደብ ምክንያት አንድሬ ሊንዴ በ1983 ካቀረቧቸው ሞዴሎች ለመማሪያ መጻሕፍት ተወዳጅ የሆነው ቀላሉ ሞዴል ተሽሯል። «ሊፈተን የማይችል ተረት» የሚባለው ነገር በፈተና ሲወድቅ ማየት ትንሽ የሚያጽናና ነው።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ መምህሬ ከእኔ ጋር ከሚያጣላቸው ይልቅ የሚያስማማቸው ይበዛል። ከግሽበት መሥራቾች አንዱ የሆኑት ፖል ስታይንሃርት ዛሬ ብርቱ ተቺ መሆናቸውን ይጠቅሳሉ፤ እውነት ነው። ስታይንሃርት በ2017 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ግሽበት ከልክ በላይ ስለሚተጣጠፍ ማንኛውንም ውጤት ሊያስተናግድ ይችላል፣ እንዲጀምርም ልዩ ሁኔታ ይፈልጋል ብለዋል፤ ጉዝንና ሊንዴን ጨምሮ 33 ሳይንቲስቶች በፊርማቸው ተቃውመዋቸዋል። ከትችታቸው ውስጥ ሚዛን የሚደፋው አለ። ግሽበቱን የነዳው መስክ ምን እንደሆነ ማንም አልለየም። ልዩነቱ ለምን ከ100,000 አንድ እንደሆነ፣ ለምን ከ1,000 አንድ እንዳልሆነ፣ ንድፈ ሐሳቡ ከራሱ አያወጣውም፤ ከሰማይ ተለክቶ ነው የሚገባለት። በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ደግሞ ግሽበት በአንድ ቦታ ቢቆምም በሌላው መቼም አይቆምም፤ እዚያ ላይ «ምን ይጠበቃል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን ማጣት ይጀምራል። እነዚህን ሳይደብቁ መጻፋቸውን አከብራለሁ።

ነገር ግን ስታይንሃርትን ምስክር አድርገው ሲጠሩ፣ ምስክሩ የሚናገረውን ሁሉ መስማት ነበረባቸው። ስታይንሃርትና ተባባሪዎቻቸው ከ2001 ጀምሮ በግሽበት ፈንታ ያቀረቡት አማራጭ፣ ዩኒቨርስ መጀመሪያ ተኮማትሮ ኋላ ተመልሶ ሰፋ የሚለው ነው። በዚያ ሐሳብም ቢሆን ጋላክሲዎችን የዘራው የኳንተም መዋዠቅ ነው፤ የሚለየው መዋዠቁ የጎላው በመለጠጥ ጊዜ ሳይሆን በመኮማተር ጊዜ ነው መባሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሬ «መሥራቹ ራሱ ስለተወው የኳንተም ዘር የሚባለው ወድቋል» ብለው በገጽ 5 የጻፉት ከጠሩት ምስክር ቃል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በሁለቱ መካከል የሚለየው ያ ያልተገኘው የስበት ሞገድ ነው፤ ቀላሎቹ የግሽበት ሞዴሎች ሊታይ የሚችል መጠን ሲሰጡ፣ የመኮማተሩ ሐሳብ ግን ሊታይ የሚችል ምንም አይጠብቅም። ደቡብ ዋልታ ላይና ቺሊ ውስጥ አታካማ በረሃ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ዛሬም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

የቀሩት የቀን ስህተቶች ናቸው። ገጽ 3 ላይ ኮቢ በ1992 ወደ ህዋ እንደተላከ ተጽፏል፤ የተላከው ኅዳር 18 ቀን 1989 ሲሆን፣ 1992 የሙቀት ልዩነቱ መገኘት የታወጀበት ዓመት ነው። ገጽ 6 ላይ ደግሞ ጥንታዊው ጨረር በ1978 ተገኘ ይላል፤ ፔንዚያስና ዊልሰን ያገኙት በ1964 ነው፣ 1978 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ዓመት ነው። ጽሑፉ በድጋሚ የሚባዛ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ቢታረሙ መልካም ነው፤ የእኔን ቅጂ በእርሳስ አርሜ ላመጣልኝ ሰው መልሻለሁ።